ሰባት ቤትና ስድስት ፊደል

እኔ ዘሪቱ አፌን መያዝ አልችልም፤ አማኑኤል ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሱቄ መኪና መንገዱ ዳር ነው፤ ስኳር ልግዛ ብሎ የገባ ሰው ስኳሩንም ምክሩንም ይዞ ነው የሚወጣ። ባሌ ምስጋናው ደግሞ በርና መስኮት ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ቤት ገብቶ የሚናገራት ቃል ኪሱ ውስጥ ከሚቀሩት ምስማሮች ታንሳለች። «አንቺ የሁለታችንንም ታወሪያለሽ፣ እኔ ምን በወጣኝ» ይለኛል። እንዲህ ተቻችለን፣ ተሳስቀን ስንኖር ነው ያ የሐኪም ቃል የመጣብን።

ልጃችን ዜማ ገና ጥርስ ስታወጣ ጀምራ ፊቷ እየነጣ፣ ሆዷ እየተነፋ አስቸገረችን። ጠበሉም ተሞከረ፣ ጤና ጣቢያውም ተሞከረ። በኋላ ደብረ ማርቆስ ወሰድናት። ደም ሲሰጧት ጉንጯ ቀልቶ ትሮጣለች፤ ጥቂት ወር ትቆይና ደግሞ እንደ ጧፍ ትነጣለች። የሚያያት ሐኪም ዶክተር ፈንታ የሚባል ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው። የእሷንም የሁለታችንንም ደም ወስዶ አዲስ አበባ ላከ፤ ከዚያም አልፎ ባሕር ተሻገረ አለን። እኔ «ደማችን እኛ ያላየነውን አገር አየ» ብዬ ሳቅሁ። ያኔ መሳቅ ነበረ።

መልሱ መጥቷል ተባልንና ሄድን። ዶክተር ፈንታ ወንበሩን ስቦ አጠገባችን መጥቶ ተቀመጠ። ሐኪም ከጠረጴዛው ማዶ ሲሆን ደግ ነው፤ አጠገብ ሲመጣ ነው መፍራት።

በሰው ገላ፣ በእያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ መጽሐፍ አለ አለን። ጂን የሚሉት የዚያ መጽሐፍ አንዱ ምዕራፍ ነው። ደም የሚቀላበት ነገር እንዲሠራ ሲፈለግ አንድ ገልባጭ ይነሣና ያን ምዕራፍ እንደ ክር በቀጠነ ነገር ላይ እየገለበጠ ይሄዳል። ግን ይህ ገልባጭ የት ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ምዕራፉ ሲያልቅም እሱ መገልበጡን አይተውም። መጨረሻው ላይ ስድስት ፊደል ያላት ምልክት አለች፤ ከኋላው የሚከተሉት ቆራጮች ያችን ምልክት ክሩ ላይ ሲያዩ ከዚያው ዘንድ ይቆርጡና የተገለበጠውን ወደ ሥራው ይልኩታል። ገልባጩ መቆረጡንም አላየ፣ ትርፉን ክር እየጎተተ ይነጉዳል። ያኔ ክር የሚበላ አንድ ሌላ አለ፤ ከተቆረጠው ጫፍ ይጀምርና ትርፉን እየበላ፣ እየበላ ከኋላው ይደርስበትና ከመጽሐፉ ላይ ያወርደዋል። ሥራው የሚያበቃ እንዲህ ነው፤ በቃኝ ብሎ ሳይሆን ተቆርጦበት፣ ተደርሶበት።

ምስጋናው በቁም ነገር አዳመጠና ምልክቷ እንደ አራት ነጥብ ናታ አለ። ሐኪሙ ደስ አለው። እንደዚያ በሉት፤ በዜማ ላይ ግን ከስድስቱ ፊደላት አንዷ ተለውጣለች አለን። አንዷ ብቻ። ቆራጮቹ ምልክቷን አያውቋትም፤ ገልባጩ ሳይቆረጥበት ምዕራፉን አልፎ የማይፈለገውን ሁሉ ይገለብጣል፤ እንዲያ ተንዘላዝሎ የወጣ ክር ደግሞ ዕድሜ የለውም፣ ይበላሻል። ደህና ሆኖ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ ነው ደሟ የማይበረታ።

ለአንዲት ፊደል? ድቁና የሚማር ልጅ ስንት ፊደል ሲገድፍ ይውላል፣ የኔታ በአርጩሜ ይመልሱታል፣ አለቀ። የኔ ልጅ ለአንዲት ፊደል እንዲህ ትሰቃይ?

ሐኪሙ ቀጠለ። ሰው ይህን ምዕራፍ ሁለት አድርጎ ይወርሳል፣ ካባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ። እኔም ምስጋናውም አንድ ደህና፣ አንድ የተበላሸ ይዘናል፤ ደህናው ስለሚሸፍንልን አልታመምንም። ዜማ ከሁለታችንም የተበላሸውን ወሰደች። ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። የሁለታችሁ ስህተት አንድ ናት፤ ያችው ቦታ፣ ያችው ፊደል። እኔ በዚህ አገር ሰው ላይ አይቻት አላውቅም አለ። ከዚያ እጆቹን አጣመረና፣

«ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዘመዳሞች ናችሁ?» አለ።

ደሜ ቀጥ አለ። እናንተዬ፣ ጎጃም ውስጥ ባልና ሚስትን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከየት ተገኘ? ሌባ ናችሁ ቢለን ይሻለን ነበር። ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ በእናትም ባባትም ተጣርቶ፣ በሽማግሌ ፊት ነው የተጋባነ። ያን ለሐኪሙ ነገርሁት፤ ነገርሁት ስል ጮህሁበት ማለቴ ነው። ለሕክምናው ስለሚያስፈልገኝ ነው፣ ለሚቀጥለው ልጅም ስለምታስቡ ነው እያለ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ማን ሰምቶት! ዜማን ታቅፌ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና «ከወንድምሽ ወልደሻል ይበለኝ ይሄ!» እያልሁ አገር አሰማሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ኮሪደሩ ላይ እጇን በፋሻ ያሰረች አንዲት የአማኑኤል ሴት ተቀምጣ ነበር። ለገበያው ቀን ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱቄ ደረሰ። «ዘሪቱ ከሥጋ ዘመዷ ኖሯል የተጋባች፤ ልጅቱ የምትነጣው ለዚያ ነው» ተባለ። ደንበኞቼ ሳይቀር ስኳሩን እየተቀበሉ ዓይኔን ማየት ተዉ።

በእኛ ዘንድ ይህ ቀልድ አይደለም። ሰባት ቤት ሳይሞላ የተጋባ ሰው ከታወቀበት ይለያያል። ቢወልድም፣ ቢከብድም ይለያያል፤ ካህኑም ደጁን አይረግጥለትም፣ ጎረቤቱም ከማዕዱ አይቀርብም። እኔ ድንጋጤዬ ለስሜ አልነበረም። ምስጋናውን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ነው። ያን ዝምተኛ ሰውዬ እወደዋለሁ፤ ይኸው ተናገርሁ።

ስለዚህ አንድ መላ መጣልኝ። ለሠርጋችን ዘር የቆጠሩት መሪጌታ አንሙት በሕይወት አሉ። መጥተው በሰው ፊት ደግመው ይቁጠሩ፣ ያወራው ሁሉ ይፈር አልሁ። ከምስጋናው ወገን የሚመሰክር ይፈለግ ነበር፤ አባቱ የሺዋስ ሞተዋል። የቀሩት አክስቱ እማሆይ ወለተ ኪዳን ናቸው፣ የአባቱ እህት። ለሠርጋችን ጊዜ ገዳም ስለነበሩ ቆጠራው ላይ አልተገኙም፤ አሁን ግን ቁይ፣ የትውልድ ቀያቸው ተመልሰዋል። ምስጋናው ይቅርብን አለኝ። ሰው አውርቶ አውርቶ ይደክመዋል፣ እማሆይንም በእርጅናቸው አታንገላቻቸው አለ። እንዲያ ሲለምነኝ አይቼው አላውቅም። እኔ ግን አንድ ነገር ከያዝሁ ይዣለሁ፤ ላክሁባቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ሰው ሞላ። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ምስክር ሆነው ተቀመጡ፣ መሪጌታ አንሙት መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መካከል ሆኑ፣ እማሆይ ግድግዳውን ተደግፈው መደቡ ላይ። ዜማ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ምስጋናው በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ተቀመጥ ቢሉት እንቢ አለ።

መሪጌታ ከእኔ ጀመሩ። ዘሪቱ ገዳሙ፤ ገዳሙ ወልደ ሩፋኤል፤ ወልደ ሩፋኤል ኃይለ ሚካኤል። እዚህ ላይ ቆም አሉና ስለ ቅድመ አያቴ አወሩ፤ በአማኑኤል የሚታወቁ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከየት እንደመጡ በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ በተማሪነታቸው አኮፋዳቸውን አንግተው ከምሥራቅ መጡ፣ ተማሩ፣ አስተማሩ፣ አግብተው ወልደው እዚሁ ተቀበሩ። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ያደግሁት ነው፤ ኩራታችንም ነው።

እማሆይ ፈገግ አሉ። ደክመው ስለነበር ይሁን የቤቱ ሙቀት አጫውቷቸው እንጃ፣ እንዲሁ ለጨዋታ ያህል፣

«ኃይለ ሚካኤል? የአባቴ አባትም የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነበር። ደመላሽ የዓለም ስሙ ነው» አሉ።

ደመላሽ የምስጋናው ቅድመ አያት ነው። ምስጋናው የሺዋስ፣ የሺዋስ አንተነህ፣ አንተነህ ደመላሽ። ለሠርጉም እንዲሁ ነበር የተቆጠረ። ደመላሽ ሚስቱን እርጉዝ ትቶ ለትምህርት እንደወጣ ያልተመለሰ ሰው ነው ሲባል ሰምተናል። እማሆይ ጨዋታቸውን አላቆሙም። አያታቸው፣ የደመላሽ ሚስት፣ ሞቶም ይሁን ኖሮ እግዜር ይወቀው እያለች በየዓመቱ የክርስትና ስሙን ለካህን ትሰጥ ነበር፤ እሳቸውም ልጅ ሆነው አብረዋት ይሄዱ ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው፤ እናቱ ያወጣችለት የዓለም ስም፣ ካህን ያወጣለት የክርስትና ስም። የቆሎ ተማሪ ደግሞ አገሩን ለቆ ሲወጣ የዓለም ስሙን ደጃፉ ላይ ጥሎት ነው የሚሄድ፤ በጉባኤ ቤት የሚጠራ በክርስትና ስሙ ነው። ለሠርጋችን ጊዜ የቁይ ሰዎች ደመላሽን ቆጠሩ፣ የአማኑኤል ሰዎች ኃይለ ሚካኤልን ቆጠሩ። ሁለት ሰው ናቸው ተብሎ ተጨበጨበ። አንድ ሰው ከሆነስ? ሦስት ቤት! እኔና ባሌ ሦስተኛ ቤት ላይ ነን ማለት ነው።

ኃይለ ሚካኤል የሚባል ስንት ሰው አለ ብዬ ልጮህ ነበር። የሐኪሙ ቃል ትዝ አለኝ፣ ያችው ቦታ፣ ያችው ፊደል።

መሪጌታ አንሙት ቀስ ብለው ወደ እማሆይ ዞሩ።

«እማሆይ፣ የደመላሽ ግራ እጁ እንዴት ነበር?»

ምን ሊሉ እንደፈለጉ የአማኑኤል ሰው ሁሉ ያውቃል። ቅድመ አያቴ «ባለ አራት ጣቱ» ነበር የሚባሉ። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት የለችም፤ እስከ ዛሬ ተረቡም ምርቃቱም በዚያች ጣት ነው። እማሆይ ግን የቁይ ሰው ናቸው፣ ይህን አያውቁም። እማሆይ የሁሉንም ፊት አዩ። የእኔን አዩ። ጭኔ ላይ የተኛችውን ልጅ ነጭ ፊት አዩ። በመጨረሻ በሩን የተደገፈውን የወንድማቸውን ልጅ አዩት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ነገሩ የገባቸው ያኔ ይመስለኛል።

«እጁ? እጁ ሙሉ ነበር» አሉ። ቀጥለው ግንባራቸውን ዳበስ አደረጉ። «ኧረ እኔ አሮጊት፣ ደግሞ ሚካኤል አልሁ እንዴ? ኃይለ ማርያም ነው እንጂ። ኃይለ ማርያም።»

አንዲት ቃል ለወጡ፣ ያችው ብቻ። መሪጌታ ብዙ አዩዋቸው፣ እሳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም። በኋላ መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡና ቀሪውን በእናትም በኩል ቆጥረው ጨረሱ፤ ሰባት ቤቱ ንጹሕ ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ ጠላቸውን ጠጥተው ወጡ። መሪጌታ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዘወር ብለው «እኔ የተነገረኝን ቆጥሬያለሁ» አሉኝ። የቅኔ ሰው ናቸው፤ ሰሙን ሰጥተውኝ ወርቁን ይዘው ሄዱ።

ምስጋናው ሰዎቹን ሊሸኝ ወጣ። እኔ ዜማን እንደታቀፍሁ ተቀምጫለሁ። ሚካኤል ማርያም ሆነልኝ፣ ተመስገን እያልሁ ነው፤ አምኜያቸዋለሁ፣ ማመን ፈልጌያለሁ። እማሆይ ከመደቡ ወርደው አጠገቤ መጡ። ግራ እጄን ያዙና ትንሿን ጣቴን ወደ መዳፌ አጠፏት። አጥፈው ጥብቅ አድርገው ያዟት፤ ሌሎቹ አራቱ ቀጥ ብለው ቀሩ።

ሰማይ ተደፋብኝ። መነኩሲት ናቸው እኮ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ጾመው፣ ሰግደው፣ ቆባቸውን እንደደፉ በሽማግሌ ፊት ዋሹልኝ። ልቆጣ ይሁን እግራቸው ላይ ልውደቅ አላወቅሁም።

«ልጅ ሳለ በማጭድ ነው የቆረጣት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ንስሐው የኔ ነው። የነፍስ አባቴ ይቆጡኛል፣ ልምድ አለኝ። አንቺ አፍሽን ያዥ።»

አፍሽን ያዥ! እኔን! በማግሥቱ ወደ ቁይ ተሳፈሩ፤ እኔ ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ፣ በአንድ አልጋ መተኛት ጀመርሁ። ባሌ ነው፤ የቅድመ አያቴ የልጅ ልጅ ልጅም ነው። ፊቱን ሳየው የአባቴን ግንባር የማየው መሰለኝ፣ ደግሞ ዓይኔን ስጨፍን ያው ምስጋናው ነው። ልንገረው እልና ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ። እሱ ደንበኛ ክርስቲያን ነው፣ ከሰማ አንድ ቀን አያድርም ብዬ ነበር የማስብ። ሱቅ የሚገባው ሰው ሁሉ «ዘሪቱ ምን ሆነች፣ አሟት ነው?» ይላል። ዝም ማለት እንዲህ ሆድ እንደሚያሳምም አላውቅም ነበር።

የዜማ የደም ቀጠሮ ደረሰና ደብረ ማርቆስ ሄድን። ደሙ ገብቶላት ጉንጯ ሲመለስ ዶክተር ፈንታ መጣ። ምስኪን፣ እኔን ፈርቶ ከበሩ ራቅ ብሎ ነው የቆመ። ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ «ያን ጊዜ የጠየቅኋችሁ ነገር…» ብሎ ጀመረና ተወው።

ሁለቱም እኔን ጠበቁ፤ መላሿ እኔ ነኛ። አይደለንም ብል ልጄን በሚያክም ሰው ላይ መዋሸት ነው። ነን ብል ባሌ እዚሁ ቆሞ ሊሰማ ነው።

«ነን» አለ ምስጋናው። «በቅድመ አያት እንገናኛለን።»

ዞር ብዬ ማየት አቃተኝ። ሐኪሙ አመስግኖት እንደገባው ነገረን። ሌላ ልጅ ስታስቡ ከዚያ በፊት ኑ፣ ከአራት አንዱ እንደ ዜማ የመሆን ዕድል አለው፣ ምን እንደምናደርግ ያኔ እንመክራለን አለ። ስለሚቀጥለው ደም፣ ስለ መድኃኒቷ አወራን። ተለያዩ አላለም፣ ዓይኑንም አልቀየረብንም። እሱ ዘንድ ነገሩ ይኸው ነበር።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥሁትና ከመቼ ጀምረህ ነው የምታውቅ አልሁት። ሐኪሙ የጠየቀን ዕለት አለኝ። ልጅ ሳለ እማሆይ በማጭድ ስለ ተቆረጠችው የደመላሽ ጣት ያጫውቱት ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ባለ አራት ጣቱ በተጋባን ሰሞን አውርቼዋለሁ፤ ብዙ ስለማወራ አልሰማኝም ነበር። የሐኪሙ ጥያቄ ነው ሁለቱን ጣት አንድ ያደረገበት። ያን ሁሉ ቀን፣ እኔ ቆጥረው ይፈሩ እያልሁ ስፎክር፣ እሱ በሩን ተደግፎ ፍርዱን ሲጠብቅ ኖሯል።

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«ትሄጃለሽ ብዬ» አለ።

እኔ እሱን ይሄዳል ብዬ ስፈራ፣ እሱ እኔን! ቁጣዬ ሁሉ በረደ። እንግዲህ ምን እንሁን፣ ሦስት ቤት እኮ ነው አልሁት። ዜማን ከጭኔ አንሥቶ ትከሻው ላይ አስቀመጣት።

«እነሱ ሰባቱን ቤት ይቁጠሩ» አለኝ። «እኛ አንድ ቤት ነን።»

ኡኡ ብዬ ላለቅስ ስል በሩ ላይ ያች እጇ ታስሮ የነበረችው የአማኑኤል ሴት ፋሻዋን ልታስፈታ ስትገባ አየኋት። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁና ድምፅ ሳላሰማ አለቀስሁ።